ባትሪው ስንት ኪሎ ነው?

[አምቦ፤ ባትሪ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ። ሶፎንያስ ባጃጁን ሸጦ ደንዲ ሐይቅ ላይ ሰው የሚያንሸራሽርበት ጀልባ ገዝቷል። ቦጂያ የሚስቱ ወንድም ነው፤ የሐይቁ ዳር ገበሬ።]

ሶፎንያስ፦ አልኩህ እኮ! ባጃጄን የሸጥኩት የቤንዚን ወረፋ አንገፍግፎኝ ነው። ደሞ ጀልባዬን ቤንዚን ላጠጣ?

ቦጂያ፦ ኤዬ፣ መች ተቃወምኩ? ባትሪው ስንት ኪሎ ነው ነው ያልኩት።

ሶፎንያስ፦ ድንች ልንገዛ ነው እንዴ የመጣነው?

ቦጂያ፦ ግን ይከብዳል?

ሶፎንያስ፦ [ሽቅብ እያየ] ጌታ ሆይ፣ የሚስት ወንድም ስትሰጠኝ ምነው ትንሽ ብትመርጥልኝ! ስማ። የኤሌክትሪኩ ሞተር ከቤንዚኑ ይወደዳል። ግን አንዴ ነው። ከዚያ በኋላ ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ፣ ጭስ የለ። ገባህ?

ቦጂያ፦ እሱስ ገባኝ። ይቺ ትንሿ ባትሪስ?

ሶፎንያስ፦ ሊቲየም ናት። ቀላል ናት፤ ዋጋዋ ግን አይቀመስም። በሷ ግማሽ ዋጋ እነዚህን ትልልቆቹን አራት ትገዛለህ።

ቦጂያ፦ [ፊቱ በራ] አራት! አራቱንም ውሰድ እንጂ!

ሶፎንያስ፦ አየህ? ከኔ ጋር ስትውል ሰው እየሆንክ ነው።

[ይከፍላል። አንዱን ባትሪ ለሁለት ያነሱና ወገባቸውን ይዘው መልሰው ያስቀምጡታል።]

ቦጂያ፦ ቻርጁስ?

ሶፎንያስ፦ ይሄም ይጠየቃል? ማታ አንተ ቤት ይሰካል፣ ጠዋት ሥራ!

ቦጂያ፦ እኔ ቤት? እኛ ጋ መብራት መች ገባና! እኔ ስልኬን እንኳ የማስሞላው ዳገቱን ወጥቼ መንገዱ ዳር ነው።

ሶፎንያስ፦ ምን?! ስንቴ መጥቻለሁ እኮ!

ቦጂያ፦ በቀን መጥተህ በቀን ትመለሳለህ። በምን ታውቃለህ?

ሶፎንያስ፦ እመልሰዋለሁ!

[ባለሱቁ በሩ ላይ ወደተለጠፈው ጽሑፍ በጣቱ ያሳያል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»።]

ሶፎንያስ፦ አንተ ሰውዬ፣ ቀድመህ አትናገርም?

ቦጂያ፦ መች አናገርከኝ? ከኪሎው ልጀምር ስል ድንች አልከኝ።

ሶፎንያስ፦ ወይ ጉዴ! ይሄ ሁሉ ብረት በየቀኑ ዳገት ሊወጣ ነው? በምን?

ቦጂያ፦ በአህያ ነዋ።

ሶፎንያስ፦ የማን አህያ?

ቦጂያ፦ የኔ። ሂሳቡ በኪሎ ነው።

ሶፎንያስ፦ ቦጂያ! ዘመድህን?!

ቦጂያ፦ [ትከሻውን መታ መታ እያደረገ] ለዘመድማ ቅናሽ አለ። ደሞ አይዞህ፣ እንዳልከው ነው፤ አህያዬ ነዳጅ የለ፣ ዘይት የለ፣ ጭስ የለ።