አስታራቂው ተመራማሪ

ለማስተርሱ ስለ ውጭ ጉዳይ ፖሊሲ የሚመራመር ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? እኛ ናይሮቢ ውስጥ ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ስንኖር፣ ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ዳዊት የሚባል ነበረን። ያኔ ከባለቤቴ ከሰናይት ጋር ተኳርፈናል፤ እሷ «አዲስ አበባ እንመለስ» ትላለች፣ እኔ ናይሮቢን አልለቅም እላለሁ። ሻንጣዋን ማዘጋጀት ስትጀምር ደንግጬ ዳዊትን ለሽምግልና ጠራሁት። መሃላችን ተቀምጦ ስለ ኃይል ሚዛን፣ ስለ ሉዓላዊነት፣ ስለ ቀጠናዊ ውህደት ያብራራልን ጀመር። ሰናይት ግራ ቢገባት ወደ እኔ ዞረች።

«ምን እያለ ነው?»

«እኔም አልገባኝም።»

ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ የተነጋገርነው ይህንኑ ነበር፤ ከዚያ ሳቃችን አልቆም አለ። ዳዊት ተነስቶ ጨበጠን።

«አያችሁ? ንድፈ ሐሳቡ ይሠራል!»

ሰናይት አልሄደችም። የትኛው ንድፈ ሐሳብ እንዳስቀራት ግን እኔም እሷም አናውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።