የእትዬ ጥሩወርቅ ተራ

ሰው መርሳት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያውቀው ማነው? ራሱ እንዳትሉኝ። ጎረቤቱ ነው። ያው ጎረቤት የራሱን ቁልፍ ሲጥል «ጠፋብኝ» ይላል፤ ሽማግሌ ቁልፍ ሲጥል ግን «ጃጀ» ይላል።

እኔ የምሠራው ሐይቅ ከተማ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። የሁለት ዓመት ልጄን ይዤ እውላለሁ። ወተቷን ማፍላቴን እረሳና እንደገና አፈላለሁ። በሩን ዘግቼ ከመንገድ እመለሳለሁ፣ ዘግቼው እንደሆነ ላይ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ማንም ጃጀች አላለኝም፤ «ስጋታም ናት» ነው የሚሉኝ።

እትዬ ጥሩወርቅ ግን ሰባውን አልፈዋል። የአምባሰል ሰው ናቸው። ግሸን ማርያም ስንቴ በእግራቸው እንደወጡ ይቆጥሩላችኋል፤ ቁርስ በልተው እንደሆነ ግን እኔን ይጠይቃሉ።

የግቢው ሽማግሌዎች የማርያም ማኅበር አላቸው። ወር በገባ በሃያ አንድ ተረኛው ዳቦ ይደፋል፣ ጠላ ያቀርባል፤ ሲያበቃ ጽዋውን ለቀጣዩ ተረኛ ያስረክባል። እትዬ ጥሩወርቅ ተራቸው ደርሶ በደንብ ደገሱ። ሳምንት ሳይሞላ «ልጄ፣ ተራዬ ደረሰ እኮ፣ ጌሾው የታለ?» አሉኝ።

አስተባባሪያችን ይህን ሰማ። ወጣት ነው፣ ደብተር ይወዳል። «ይረፉ፣ ስማቸውን ከማኅበሩ እናውጣው» አለ። ይረፉ አለ እኮ! እትዬ ጥሩወርቅ ልጅ የላቸው፣ ወንድም የላቸው። ያላቸው ያ ማኅበር ነው። አንድ ወር እንዲታገሰኝ ለመንኩት።

ስልጠና ላይ «አትከራከሯቸው፣ አትፈትኗቸው፣ ጽፋችሁ ለጥፉላቸው» ተብለናል። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከአራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም ቀጣዩ ተረኛ የግቢያችን መሪጌታ ነበሩና፣ በትልልቁ «ተረኛው መሪጌታ ናቸው» ብዬ ጽፌ በራቸው ላይ ለጠፍኩ። እትዬ ጥሩወርቅ እኔ ከጻፍኩት ፈጥነው አነበቡት። «ደግ» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ነቅለው የእርሾውን ዕቃ ከደኑበት።

ሃያ አንድ ደረሰ። ተረኛው መሪጌታ፣ እኚያ ዳዊቱን በቃላቸው የሚያነበንቡት ሽማግሌ፣ ዳቧቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩወርቅ በበሩ ብቅ አሉ። ድፎ ዳቦ ተሸክመዋል! «ምነዋ ቆመሽ ታያለሽ? ተቀበይኝ እንጂ!» አሉኝ። ከኋላቸው አስተባባሪው ከነደብተሩ ይመጣል።

መሪጌታ አላመነቱም። ዳቧቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና እንደ ትራስ ክንዳቸውን ደገፍ አደረጉበት።

«የማን ተራ ነበር?» አለ አስተባባሪው።

«የኔ» አሉ መሪጌታ። «ረሳሁት። ጥሩወርቅ ትኑርልኝ፣ ደረሰችልኝ።»

«እርስዎም ይረሳሉ?»

«እኔስ ብትል? የማን ተራ እንደሆነ ሳላውቅ አይደል የመጣሁት!» አሉ ከማኅበርተኞቹ አንዷ፣ እማማ ደስታ። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው እንደተቀመጡ፣ «ዛሬ ማርያም ናት እንዴ?» አሉ።

አስተባባሪው ስንቱን ከማኅበሩ ያውጣ? ደብተሩን ዘጋና እሱም ቁራሽ ተቀበለ። በማርያም ቀን ያ ሁሉ ሽማግሌ ዋሸ። ውሸት ኃጢአት ነው ብለው የሚመክሩኝ እኚያው መሪጌታ ናቸው! ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? መርሳትም እንደዚያው ነው ለካ።

ጽዋውን ለቀጣይዋ ተረኛ ለእማማ ደስታ ያስረከቡት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ መሪጌታ «አንቺው ስጫት» ብለዋቸው። ያኔ ነቃሁ፤ በየቀኑ በእጃቸው ቢያስረክቡትስ? ወረቀቱን ተውኩት። በየጠዋቱ ልጄን አዝዬ፣ እትዬ ጥሩወርቅን ይዤ እማማ ደስታ ክፍል እሄዳለሁ። እዚያ ጽዋውን አንስተው በጨርቅ ይወለውሉታል፣ መልሰው በእማማ ደስታ እጅ ያኖሩታል። በወረቀት እምቢ ያለው በእጅ ገባ።

ቀጣዩ ሃያ አንድ መጣ። ተሰበሰብን። መሶቡ ባዶ ነው። ተረኛዋ እማማ ደስታ በሩን በሩን ያያሉ። ሌላውም በሩን ያያል። ለካ ሁሉም «ጥሩወርቅ መጋገሯ አይቀር፣ ሁለት ዳቦ ምን ያደርጋል?» ብለው ኖሯል!

እትዬ ጥሩወርቅ ተጣጥበው፣ ተቀባብተው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ ገቡ። አረፍ አሉ። መሶቡን አዩ። እማማ ደስታን አዩ። መሪጌታን አዩ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«አብሽሪ ልጄ፣ እንዳትቆጫቸው» አሉኝ። «እርጅና እኮ ነው።»