ሞዴል ረሃብተኛ

ጣና ዳር ካሉት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ እንደኛ መሥሪያ ቤት ስለ ሆድ አጥብቆ ያሰበ የለም። ይህን የምለው በመሥሪያ ቤቴ ለመኩራራት አይደለም። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንሁ፣ ያሰብነውን ሁሉ ገጽ በገጽ ስለማውቀው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ኃላፊያችን አቶ አንዳርጋቸው ሐኪም ዘንድ ደርሰው የተመለሱ ዕለት ነው። አቶ አንዳርጋቸው በሁሉም ረገድ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከወንበራቸው ሲነሡ ወንበሩም አብሯቸው ተነሥቶ ጥቂት ይሸኛቸዋል። ሐኪሙ ስኳራቸውን ለክቶ፣ ሚዛን ላይ አውጥቶ፣ «በሦስት ወር ዐሥር ኪሎ ካልቀነሱ ከእንግዲህ የምንገናኘው በመርፌ ነው» አላቸው። ያዘዘላቸውም መድኃኒት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ እጅዎን ወደ ምግብ ከመስደድዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፤ ርቦኝ ነው ወይስ አምሮኝ?

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ራሱን ይጠይቅ ነበር። አቶ አንዳርጋቸው ግን የሕግና የሥርዓት ሰው ናቸው። አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው እንዲህ አሉ፦

«ጠያቂውም እኔ፣ ተጠያቂውም እኔ ከሆንሁ የጥቅም ግጭት ነው። አጣሪ ኮሚቴ ያስፈልጋል።»

አጨበጨብን። እንዲህ ያለ ከራሱ ጋር እንኳ የማይሞዳሞድ አመራር ከየት ይገኛል?

ኮሚቴው በዚያው ቀን ተቋቋመ። ሰብሳቢው የዕቅድ ባለሙያው ሕዝቅኤል ሆነ። ሕዝቅኤል ዝናብ ሲዘንብ እንኳ «ከላይ የወረደ አቅጣጫ ነው» የሚል ሰው ነው። የሰው ሀብቷ እናትዓለም አባል ሆነች፤ እኔ እንደ ወትሮዬ ጸሐፊ። ለኃላፊው ብቻ የተለየ አሠራር መዘርጋት አድልዎ ስለሚመስል መመሪያው ለሠራተኛው ሁሉ እንዲሠራ ተወሰነ። ከአሁን ወዲያ በመሥሪያ ቤታችን ክበብ ምሳ የሚበላ ሰው፣ ረሃቡ እውነተኛ መሆኑ በኮሚቴው የተረጋገጠለት ብቻ ይሆናል። ቅጹ በሦስት ኮፒ ይሞላል፤ አንዱ ለኮሚቴው፣ አንዱ ለክበቡ፣ ሦስተኛው ከረሃብተኛው ጋር ይቀራል።

ክበቡን የያዘችው ጀሊላ ናት። የወረታ ነጋዴ ልጅ፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሚቀድም ሴት። ሙያዋ ዓሣ ነው። የጣና ዓሣ ቢላዋ የያዘውን ሰው ሃይማኖት ስለማይጠይቅ፣ እሷ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአንድ ትሪ ይበላል። መመሪያውን ግድግዳዋ ላይ ስንለጥፍ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«እና አሁን ሰው መራቡን የሚያውቀው ማን ነው?»

«ኮሚቴው» አለ ሕዝቅኤል።

«ሰውየውስ?»

«ሰውየው አመልካች ነው።»

ለማጣሪያው ሳይንሳዊ መስፈርት ያስፈልግ ነበር። ሕዝቅኤል ስልኩ ላይ ሦስት ቪዲዮ አይቶ ጥናት አቀረበ። በጥናቱ መሠረት ረሃብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ፤ አምሮት ግን እንደ ባጃጅ ሳያስጠነቅቅ ይታጠፍብሃል። ረሃብ አይመርጥም። አምሮት ዓሣው ደረቅ ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ከነአዋዜው ካልቀረበልኝ ይላል። ስለዚህ ለአመልካቹ ጨው ያልነካው የባቄላ ንፍሮ ይቀርብለታል። ከበላው ርቦታል፤ ካልበላው አምሮታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሠላሳ አንድ ሰው ቀረበ። ሠላሳ አንዱም ወደቀ። የግዥው ሰውዬ አንድ ፍሬ አንሥቶ «በርበሬ ቢጤ ቢኖረው» አለ፤ አምሮት ተብሎ ተመዘገበበት። የመዝገብ ቤቷ ልጅ «ዘይት ጠብ ብታደርጉበትስ?» አለች፤ እሷም አምሮት። አቶ አንዳርጋቸው ራሳቸው ሳህኑን አዩት፣ ሳህኑም አያቸው፣ በመጨረሻ «ይህማ የበቅሎ ነው» ብለው ገፉት። እናትዓለም «ረሃቡ አልተረጋገጠም» የሚለው ላይ ማኅተም መታች። ኃላፊው ያን ዕለት ቢሯቸውን ዘግተው ዋሉ።

እሷም ራሷ አንጀቷ አልችል ብሏት ነው መሰለኝ፣ በማግሥቱ ከቤቷ የቋጠረችውን ምሳ ይዛ ገባች። በልማድ፣ ያለ አንዳች የፖሊሲ ሐሳብ፣ ጠቅልላ «ጋሼ፣ በሞቴ!» አለቻቸው። ጎረሱ። በሞቴ የተባለ ሰው እንቢ ካለ ገደለ ማለት ነዋ! ሕዝቅኤል በዚያው ከሰዓት በኋላ አንቀጽ ሰባትን አረቀቀ፦ «በሞቴ ተብሎ የተበላ ምግብ የሌላን ሰው ሕይወት ለማትረፍ የተወሰደ እርምጃ በመሆኑ እንደ መብላት አይቆጠርም።»

ከዚያ ወዲያ ለኃላፊው በሞቴ የሚል ሠራተኛ በደብዳቤ ተመደበ። ሰኞ መዝገብ ቤት፣ ማክሰኞ ግዥ፣ ረቡዕ ኦዲት። የኦዲቱ ሰው ጉርሻውን ከማቅረቡ በፊት ያስፈርማቸው ነበር እንጂ ሌላው ያለ እንከን ሠራ። አቶ አንዳርጋቸው በቀን እስከ ስድስት ሰው ከሞት ያተርፉ ነበር። በወሩ መጨረሻ ሚዛን ላይ ሲወጡ አራት ኪሎ ጨምረው ተገኙ።

«ከዳነው ሕይወት ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም» አለ ሕዝቅኤል።

የቸገረው ሪፖርቱ ነበር። በወሩ ዕቅድ «የተረጋገጠ እውነተኛ ረሃብ፦ አርባ» ተብሎ ተይዟል፤ ክንውኑ ዜሮ። የበላይ አካልም ደብዳቤ ጻፈ፦ አንድም ሰው ያላለፈው ፈተና ትክክል መሆኑ በምን ታወቀ? ቢያንስ አንድ የራበው ሰው አቅርቡ። በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ከከተማው ሁሉ የራበው ሰው ከየት እናምጣ ብለን ተጨነቅን።

አያ ባምላክ የተገኘው እንዲህ ተጨንቀን ሳለን ነው። አያ ባምላክ የበራችን ጥበቃ ነው። ዘንዘልማ ላይ ጤፍና ዳጉሳ የሚያርስበት መሬት ነበረው። አሁን መሬቱ ላይ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ቆመዋል፣ እሱም እኛ በር ላይ ቆሟል። የወደቀ ነገር የለም፤ ልማት ነው። ቅጽ ሞልቶ አያውቅም፣ በምሳ ሰዓት ክበብ ሲገባ ያየውም የለም። እኛ ጨዋነት ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን ጀሊላ ከፈተና የተራረፈውን ንፍሮ በጎድጓዳ ሳህን ሰጥታ «ድፋልኝ» አለችው። ብዙም ሳይቆይ ሳህኑን እንደ መስተዋት አብረቅርቆ መለሰላት።

«የት ደፋኸው አያ ባምላክ?»

«ወደ ውስጥ።»

«ውይ! ጨው የለውም እኮ!»

«ምን የለውም?»

ጀሊላ ሳህኑን ትታ እሱን አየችው። እዚያው ክበብ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው ሕዝቅኤል ግን ከወንበሩ ተስፈንጥሮ «ተገኘ!» እያለ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሮጠ።

ኮሚቴው በቅጽበት ተሰየመ። የያዝሁትን ቃል ሳልቀንስ አቀርባለሁ።

«የመብላት ፍላጎቱ ድንገት ነው የመጣብህ ወይስ ቀስ በቀስ?»

«ቀስ በቀስ ነው ጌታዬ። መሬቱ ከሄደ ጀምሮ።»

«ሲርብህ ለይቶ በዓይንህ የሚዞር ምግብ አለ?»

«አለ።»

ኮሚቴው ደነገጠ። ይህ የአምሮት ምልክት ነው።

«ምን ዓይነት ምግብ?»

«የሚበላ።»

ኮሚቴው ተነፈሰ።

«ስትጠግብስ ታቆማለህ?»

«እዚያ እንኳ ደርሼ አላውቅም።»

እናትዓለም ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሙሉ ነጥብ ነበር።

አያ ባምላክ በዚያው ዕለት «ሞዴል ረሃብተኛ» ተብሎ ተሰየመ፤ መስተዋት የገባ የምስክር ወረቀትም ተሰጠው። ትናንት በር ለመክፈት ሲዘገይ «አንተ ደንቆሮ!» ይሉት የነበሩት ኃላፊ እንኳ አንቱ ይሉት ጀመር። «ይቀመጡ እንጂ አያ ባምላክ! ለምን ይቆማሉ?» ጉዳዩ ግን እሱ ዘንድ ሌላ ነበር። የምስክር ወረቀቱን አገላብጦ አየና ጠየቀ፦

«እንግዲህ መራቤ ከተረጋገጠ፣ ምሳ ልበላ ነው?»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። መመሪያው ግልጽ ነው፤ ረሃቡ የተረጋገጠ ይበላል። ይሁን እንጂ ከበላ አይርበውም፣ ካልራበው ሞዴል አይደለም፣ ሞዴል ከሌለ ሪፖርት የለም።

«ይበላሉ!» አሉ አቶ አንዳርጋቸው በርኅራኄ። «ያለ ጥርጥር ይበላሉ። ሐሙስ የልምድ ልውውጥ መድረክ አለን። ከእንግዶቹ ጋር ቀርበው፣ የፈለጉትን አንሥተው፣ እስኪበቃዎ።»

«የፈለግሁትን?»

«ዓሣም ቢሆን።»

አያ ባምላክ ምራቁን ዋጠ። ሕዝቅኤል የዋጠበትን ሰዓት መዘገበ።

እስከ ሐሙስ መስፈርቱ እንዳይበላሽ ጥበቃው ላይ ጥበቃ ተመደበ። ንፍሮውም ተከለከለ። ማክሰኞ ላይ ኃላፊው ራሳቸው በር ድረስ ወርደው ጎበኙት።

«ቤትስ ምሳ ይቋጥሩልዎታል?»

«ኧረ የለም ጌታዬ።»

«በጣም ጥሩ! በዚሁ ይቀጥሉ።»

ሐሙስ ደረሰ። ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል አዳራሽ ተከራየን። «ረሃብን ከአምሮት በመለየት ጤናማ አመራር እንፈጥራለን!» የሚል ባነር ከግድግዳ ግድግዳ ተወጠረ። እንግዶች ከጎርጎራ በጀልባ፣ ከቆላ ድባ በመኪና ገቡ። ምግቡን ያቀረበችው ጀሊላ ናት፤ ጥብስ፣ ጉላሽ፣ ዱለት፣ ሁሉም ዓሣ። ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ለናሙና ያህል ንፍሮውም ነበር። አቶ አንዳርጋቸው ራስን ስለ መግዛት አንድ ሰዓት ተኩል ተናገሩ። በመካከሉ አራት ጊዜ በሞቴ ተብለዋል።

ከዚያ አያ ባምላክ የተውሶ ኮት ለብሶ መድረክ ላይ ወጣ። ጎንበስ ብሎ እዚያ ያለውን ወንበር ተደገፈ፤ ታዳሚው ትሕትና መሰለው። ሕዝቅኤል በረጅም እንጨት እየጠቆመ ጉንጩን፣ አንገቱን፣ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱትን አዳዲስ ቀዳዳዎች አስጎበኘ። እንግዶቹ ፎቶ አነሡ። ከቆላ ድባ የመጡት ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛ ዘንድ እህል የሞላ ገበያ ስላለ፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ዘርፍ ወደ ኋላ ቀርተናል። ሰውየውን ለአንድ ሳምንት ብታውሱን?»

የጎርጎራው እንግዳም ከእሳቸው ቀጥሎ ተራ ያዙ። አቶ አንዳርጋቸው ሁለቱንም በደስታ ፈቀዱ።

«ምሳውስ?» አለ አያ ባምላክ።

«ከጎርጎራ ሲመለሱ።»

«ዛሬ ብለውኝ ነበር እኮ ጌታዬ።»

«ዛሬም ብለናል፤ አፈጻጸሙ ነው ወደ ሁለት ሳምንት የተሸጋሸገ።»

አያ ባምላክ ወደ ዓሣው አየ፣ ከዚያ ወደ ጫማው። ጀሊላ ይህን ከትሪው አጠገብ ሆና አየች። ትልቁን ቁራጭ አንሥታ፣ እሾኹን ለቅማ፣ በእንጀራ ጠቅልላ ከነትሪው መድረኩ ላይ ወጣች።

«አያ ባምላክ፣ በሞቴ!»

«ሞዴሉን እንዳትነኪ!» ጮኸ ሕዝቅኤል። «የሁለት ወር ሥራ ነው!»

«ልሙት ነው የምትለኝ? አያ ባምላክ፣ ልሙትልህ?»

«ኧረ አትሙቺ» አለና ጎረሰ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለች። ደገመችው። ሦስተኛውን ካጎረሰችው በኋላ ወንበሩ ላይ አሳርፋው ትሪውን እንዳለ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ሕዝቅኤል በእንጨቱ ትሪውን ሊያሸሽ ሞከረ፤ ግን ትሪው ቀድሞ እየጎደለ ነበር።

«ምን መሆንሽ ነው አንቺ ሴትዮ? ሰውየው በላ እኮ!»

«የት በላ? በሞቴ ብዬው ነው። አንቀጽ ሰባት! ግድግዳዬ ላይ የለጠፍኸው አንተ አይደለህ?»

ሕዝቅኤል መመሪያውን ገለጠ። ላብ በላብ ሆኖ ጣቱን በመስመሩ ላይ ጎተተና በመጨረሻ ፊቱ ፈካ።

«አንቀጽ ሰባት ከቡድን መሪ በላይ ላሉ ነው።»

ኮሚቴው እዚያው ተሰየመ። ግለሰቡ መብላቱ በዓይን ተረጋግጧል። ይባስ ብሎ፣ ንፍሮው በሦስት ክንድ ርቀት ላይ ቀርቦ ሳለ ዓሣውን በልቷል። ስለዚህ መርጧል፤ ከመረጠ ደግሞ አምሮት ነው፤ ቀድሞም ርቦት እንደነበር ያጠራጥራል። እናትዓለም ማኅተሟን መታች። የምስክር ወረቀቱ ተነጠቀ፣ ኮቱም ለባለቤቱ ተመለሰ፣ አንቱታውም ተነሣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጉድ ሠራኸን!» አሉ አቶ አንዳርጋቸው እጃቸውን እያማቱ። «ነገ ጧት ቆላ ድባ ምን ይዘን ልንገባ ነው? እንዲህ ያለ ንጹሕ ረሃብ አሁን ከየት ይገኛል?»

አያ ባምላክ የመጨረሻዋን አጥንት መጥምጦ አስቀመጠ። እንጀራ ሰጥተው ያሳደሩትን ሰዎች በማሳፈሩ ከልቡ አዝኖ ነበር።

«ለዚህስ አይጨነቁ ጌታዬ። ቤቴ አምስት አሉ። እኔ እንኳ ከሁሉም ደህና በልቼ የማድረው ነኝ።»

አቶ አንዳርጋቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን!» አሉ። ከዚያ ወደ ሕዝቅኤል ዞሩ። «ጧት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ላክላቸው። ቁርስ እንዳይበሉ ብቻ፣ አደራ!»