ከደረጀ ስዕል ፊት መቆም

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ለቅናትም ያው ነው። በትልቁ ሙዚየም ግድግዳውን ሙሉ ይዞ በተሰቀለ ሰዓሊ ቀንቼ አላውቅም፤ ሲጀመር ሰውየው ሞቷል። የሚያስቀናው ከእናንተ ብሩሽ የሚዋሰው ነው። እናንተም ብትሆኑ፣ እውነቱን እናውጣው ካልን፣ የሚያንገበግባችሁ የከተማው ሀብታም ሳይሆን የጎረቤታችሁ አዲስ መኪና ነው።

የእኔ ጎረቤት ደረጀ ይባላል። ባሕር ማዶ፣ ሮዝቪል በምትባል ከተማ፣ አንድ አፓርታማ ውስጥ እንኖራለን። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፣ እሱ አረጋውያን ይንከባከባል፤ በትርፍ ጊዜያችን ሁለታችንም እንስላለን። ሸራ እንዴት እንደሚወጠር ያሳየሁት እኔ ነኝ። ይህን የምነግራችሁ ማወቅ ስላለባችሁ ነው።

ባለፈው መስከረም አጎራባቻችን ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ከባቡሩ መስመር አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ የሰባት ሰዓሊያን ዐውደ ርዕይ ስታዘጋጅ ሁለታችንንም ተቀበለችን። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ስስል ስሜን አንድ ሰው በአደባባይ ጠርቶት አያውቅም። ስለዚህ «በዚህ ሳምንት ሊታዩ የሚገባቸው» እያለ ዐውደ ርዕዮችን የሚጠቁመውን ድረ ገጽ ልጄ እንድታነብልኝ አደረግሁ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ ስሜን ከሰው አፍ ልሰማው ብዬ ነው። «ሰማያዊ በር» ስለተባለው የደረጀ ስዕል አንድ ሙሉ አንቀጽ አነበበችና ገጹን ዘጋች።

«እኔስ?» አልኳት።

«ዳዲ፣ ዩ አር ‹ኤንድ አዘርስ›።»

«እና ሌሎችም» ከተባሉት ውስጥ ነኝ ማለቷ ነው።

ቀናሁ። በመክፈቻው ዕለት እንከን ልፈልግለት ሄጄ ከስዕሉ ፊት ተገተርኩ። ስዕሉ ደግሞ፣ ምን ያደርጋል፣ ጥሩ ነው።

የሐበሻ ማኅበራችን ሰዎች በእትዬ ዘነበች መሪነት ድፎ ዳቦና አንድ ካርቶን ለስላሳ ተሸክመው ገቡ። ጋለሪዋ ከስዕሎቹ ጎን ቁጥር እንጂ ስም አትለጥፍም፤ የሰዓሊው ስም ያለው መግቢያው ላይ በሚታደለው ወረቀት ውስጥ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ወረቀት አያይም፣ ሰው ነው የሚያየው። ሰርግም ለቅሶም ሲሄድ፣ ደጃፉ ላይ የቆመውን ባለቤቱ ነው ብሎ ይስማል። ከሰማያዊው በር ፊት የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

«እንኳን ደስ ያለህ ልጄ፣ እጅህ ይባረክ» ብለው እትዬ ዘነበች ጉንጬን ሳሙኝ።

የእኔ አይደለም ማለት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። «አሜን» አልኩ። ሌሎቹም ተራ በተራ ሳሙኝ፣ ከበሩ ጋር ፎቶ አነሱኝ። ልጄ ከወዲያ ጥግ ሆና ታየኛለች።

ይሄኔ ደረጀ ለስላሳ ይዞልኝ መጣ። እትዬ ዘነበች ክንዱን ያዝ አድርገው፣ «አየህልኝ የጓደኛህን ሥራ? አንተም በርታ እንጂ» አሉት።

ደረጀ በሩን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እውነትዎን ነው» አላቸው። «ሸራ መወጠር ያስተማረኝም እሱ ነው። እበረታለሁ።»

ለስላሳውን ሰጥቶኝ ሄደ። እስከዚያ ዕለት ድረስ የምቀናው በእጁ ብቻ ነበር፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ እያልኩም እጽናና ነበር። ይህችን ግን ከማን እንደተማራት አላውቅም። ከእኔ አይደለም።