ጋሽ ይማም ሥራ ሲያቆሙ

ክፉ ቀን ገና አቧራው ከሩቅ ሲታይ ሥራውን አጥፎ የሚቀመጥ ሰው በየከተማው አንድ አይጠፋም። ሌላው ይሯሯጣል፤ እሱ ይቀመጣል። የደብረ ታቦሩ፣ የሁሉም ቁንጮ፣ ክቡር ልብስ ሰፊ ጋሽ ይማም ናቸው።

ጨርቅ ተወደደ፣ ይዘጋሉ። መንገድ ተበላሸ፣ ይዘጋሉ። አንድ ጊዜማ ክር የሚያመጣላቸው ነጋዴ ስላስነጠሰው ዘግተዋል ብለው የሚምሉ አሉ። ምነው ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ "አሁን የመስፊያ ጊዜ አይደለም።"

አዘጋጋታቸው ሥርዓት አለው። ሁለቱን የስፌት መኪኖች ዘይት ያጠጣሉ፤ ፊት ለፊት አስጠግተው ጭንቅላት ለጭንቅላት ያስሯቸዋል፤ ከላይ አንድ ጋቢ። ከዚያ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው መንገደኛ ማየት ነው። ምሳቸው እንኳ በግማሽ ይሆናል።

ባለፈው ክረምት ችግሩ የምር ሆነ። ጨርቅ ከገበያ ጠፋ። የሰፈሩ ሰፊዎች እስከ እብናት ድረስ ተንከራተው በመጨረሻ መኪናቸውን ሸጡ። ገዢው ጋሽ ይማም ዘንድ ሲመጣ፣ ጎረቤታቸው እኔ ባለ ፎቶኮፒው፣ ይሽጡና ልጅዎ ኑሪያ ዘንድ ወንዛዬ ገብተው ይረፉ ብዬ ወጥሬ ያዝኳቸው።

"ሲሳይ፣" አሉኝ ረጋ ብለው፣ "አንተ የተኛ ሰው ትቀብራለህ?"

ገዢው ግን ነገም እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ፍሬሕይወት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማስታወሻዋን ኮፒ ላስደርግ ብላ መጣች። እኔ ደግሞ ኮፒ የማደርገውን የማንበብ አመል አለብኝ። ስለ ባክቴሪያ ነው። እዩልኝ እንግዲህ፤ ምግብ ሲጠፋ ባክቴሪያው ፕሮቲን መሥራቱን ያቆማል፤ ጉልበቱን ከሁሉ አብልጦ የሚበላው ያ ሥራ ነዋ። ራይቦዞም የሚባሉ የፕሮቲን መሥሪያዎቹን ግን ጠራርጎ አያፈርስም። ብዙዎቹን ሁለት ሁለቱን አጣብቆ ያስተኛቸዋል። ምግብ ሲመጣ ያላቅቃቸውና ሥራ ይጀምራሉ።

"ይሄማ ጋሽ ይማም ናቸው" አልኩ።

"ባክቴሪያው?" አለች ልጅቱ ደንግጣ።

ኮፒውን በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል። ለዓይን የማይታይ ፍጥረት እንደሳቸው ያደርጋል ብዬ አንድ በአንድ ነገርኳቸው፤ አይሽጡ አልኩ። ጥቂት አሰቡና "ወላሂ፣ ጨዋ ፍጥረት ነው" አሉ። ገዢውን በትሕትና ሸኙት።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ አጠገባቸው መቀመጥ ለመድኩ። ስለ ምንም እናወራለን። እንደዚያ ያለ ክረምት አሳልፌ አላውቅም።

መስከረም ላይ ጨርቅ ገባ። የልጁን ዩኒፎርም ሊያሰፋ የመጣው ወላጅ ደጃፉን ሞላው፤ ከአካባቢው ሰፊ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጋቢውን ገለጡ፤ ማሰሪያውን ፈቱ፤ ለብቻዬ ይከብደኛል፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ አሉኝ። ስናላቅቃቸው ደስ ሊለኝ ሲገባ ሆዴ ባባ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አንዲት ትንሽ ችግር ድንገት ብቅ ብትል ብዬ ተመኘሁ።

ፊቴን አዩት መሰለኝ፣ ክረምቱን የተቀመጥኩበትን ዱካ በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"የሸሚዝ ቁልፍ መስፋት ትችላለህ?" አሉኝ።

አልችልም። ተቀመጥኩ።