ሰማንያ ሁለት ፐርሰንት

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት አገር ካለ ንገሩኝና ጓዜን ጠቅልዬ ልሂድ። ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይህን ማዕረግ የያዘው ክቡር ዘሩባቤል ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ አረማመዱ ግን የዲን ነው። ሁሉንም ነገር «ቀላል ነው!» ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ታዲያ የምታውቀውም ይጠፋሃል።

ማክዳ እጁ ላይ የወደቀችው በክፉ ቀኗ ነው። ጄኔቲክስ ወድቃ ማክሰኞ ሪኤግዛም አለባት፤ አሁንም ከወደቀች ከግቢ መባረሯ ነው። ግራ ያጋባት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ አንድ ክሮሞዞም ላይ የተጎራበቱ ሁለት ጂኖች ከመቶ ስንት ጊዜ እንደሚነጣጠሉ ማስላት።

«ቀላል ነው! ጂኖቹ ከሻንቶ አብረው የተሳፈሩ ጓደኛሞች ናቸው በይ። መንገድ ላይ ሁለት ሚኒባሶች ቆመው ተሳፋሪ ተለዋወጡ።»

«ለምን ይለዋወጣሉ?»

«እሱ አይመለከትሽም!»

ከዚያ ከቦርሳው አንድ ራስ በቆሎ አወጣ። የበቆሎው አያቶች አንዱ ጥቁርና ሙሉ፣ ሌላው ቢጫና ጭምድድ ነበሩ። መቶ ፍሬ ፈልፍለው ቆጠሩ። ጥቁር ሙሉው አርባ ሁለት፣ ቢጫ ጭምድዱ አርባ፤ ጥቁር ጭምድድና ቢጫ ሙሉ ደግሞ ዘጠኝ ዘጠኝ። ክቡርነታቸው ብዙዎቹን ደምረው «ሪኮምቢኔሽኑ፣ ማለትም የተነጣጠሉት፣ ሰማንያ ሁለት ፐርሰንት!» ሲሉ አወጁ።

«መምህሩ ከሃምሳ አያልፍም ብለው የለ እንዴ?»

«መምህርም ሰው ነው።»

ኧረ የት ትግባ! ሁለት ቀን ሙሉ ሃምሳና ሰማንያ ሁለት ጭንቅላቷ ውስጥ ሲጣሉ ከረሙ።

ማክሰኞ ጠዋት የፈተናው ክፍል በር ላይ የተለጠፈው የተፈታኞች ዝርዝር ሁለት ስም ብቻ ነበረው፤ የእሷና የዘሩባቤል።

«እንዴ! አንተም ወድቀሃል?»

«እኔ እንኳ... ለማረጋገጥ ነው» አለ። የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ መልሶ ይገጥማል። ማክዳ አንጀቷን በላት።

«በቆሎው የታለ?»

ከኪሱ አወጣ። ደረጃው ላይ ዘረገፉት። አያቶቹን የመሰሉትን ወደ ጎን ስትገፋ ድንገት እጇ ቆመ።

«ዘሩ፣ እነዚህ እኮ አብረው ተሳፍረው አብረው የደረሱት ናቸው! ሚኒባስ የቀየሩት ጥቂቶቹ ናቸው።»

ጥቂቶቹን ቆጠሩ። ከመቶው አሥራ ስምንት፤ ከሃምሳም አላለፈ።

ክቡር ዘሩባቤል ፍሬዎቹን እንደገና አንድ በአንድ ቆጠረ። ከዚያ ላቡን ጠርጎ «ቀላል ነው አላልኩሽም?» አላት።

ሁለቱም አለፉ። ዘሩባቤል ዛሬም አዲስ ተማሪዎችን ሰብስቦ ያደናግራል። ማክዳ አጠገቡ ትቀመጥና ብዙዎቹን ሊደምር ሲል በክርኗ ትነካዋለች። «እንዴት ቻልሽው?» ሲሏት ትቆጣለች፤

«ተዉት! ሚኒባሱን የነገረኝ እሱ ነው።»