ሳይጠይቁ የማያልፉት ጋሼ

ደሃ ያለበት አገር ሁሉ መርማሪ አያጣም። ደመወዝ የሚከፈለውን መርማሪ ማለቴ አይደለም። በገዛ ፈቃዱ፣ ማንም ሳያዘው፣ መንገድ ዳር ጋደም ያለውን ሰው ቀስቅሶ «ከየት ነው የመጣኸው? ለምን አትሠራም? ዘመድ የለህም?» የሚለውን ነው የምላችሁ። በእናንተም ሰፈር አለ። ከሌለ እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛ ሕንፃ መርማሪ ታችኛው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ ይባላል፤ እኔ ግን የወጡ አይመስለኝም። መዝገብ ቤቱን ይዘውት ነው ወደ ሰፈር የመጡት። ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ ደግሞ «ክቡር መርማሪ» እንላቸዋለን። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ደብተር፣ ጆሯቸው ላይ እስክሪብቶ አይጠፋም። የጎዳና ሰው ሲያገኙ ኮፍያቸውን አውልቀው እጅ ይነሱና ይጀምራሉ፦ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ቦታ፣ የመጨረሻ መሥሪያ ቤት፣ የመጨረሻ አከራይ፣ በሕይወት ያሉ ዘመዶች። ተጠያቂው ካንገራገረ «ሰው ከሰማይ አይወርድም!» ይሉታል።

ዳቦ ቤቱ ጥግ የሚቀመጥ አንድ ሰውዬ ነበር። ጋሼ ዳቦ ገዝተውለት፣ ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ጠየቁት። ሰውዬው ዓይኑን ዳቦው ላይ ተክሎ ቻለ፣ ቻለና በመጨረሻ «ጋሼ፣ ዳቦው ይቅርብኝ፤ ጥያቄውን ብቻ ያቁሙልኝ» አላቸው። ዳቦውን ሰጡት፤ ጥያቄውን ግን አላቆሙም። ሌላ ቀን ደግሞ ደብተራቸውን ገልጠው አፋጠጡት።

«ባለፈው ሁለት ልጆች አሉኝ ብለህ አስመዝግበሃል። ዛሬ እንዴት ሦስት ሆኑ?»

«ያለፈው እኮ ቆየ፣ ጋሼ።»

ጋሼ በንዴት ጦፉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት የሐሰት መስመር ያልጻፈ እጅ በስተርጅና እንዲህ ይቀለድበት! ከዚያ ወዲህ ገና ብቅ ሲሉ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ ማዶ ይሻገራል።

እኔ ግን ጨዋ ነኝ። ካለኝ ሰጥቼ፣ ከሌለኝ «እግዜር ይስጥህ» ብዬ አልፋለሁ። ፊት አላይም። ሰው እንዳላሳፍር ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የምነግረው እንደዚያ ነው። የቀረውም ነዋሪ እንደየእምነቱ ነው። ባለሱቋ «ሁሉም ቤት አላቸው፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው» ትላለች። ሦስተኛ ፎቅ ያለው መምህር ጉዳዩ ከሥር መሠረቱ መጠናት አለበት ባይ ነው፤ እስኪጠና ድረስ ምንም አይሰጥም። ሚስቴ አሮጌ ልብስ ትሰጣለች። አንዴ ያላረጀውን ሱሪዬን ሰጥታብኝ፣ ከእኔ ይልቅ የሚያምርበት ሰው ላይ አየሁት።

እንግዲህ በሕንፃችን መግቢያ፣ ደረጃው ሥር፣ አንዲት ሴት ሁለት ዓመት ኖራለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ያልፋል መሰለኝ። መሰለኝ የምለው በደንብ አይቻት ስለማላውቅ ነው። ጠዋት እኛ ሳንነሳ ዙሪያዋን ጠርጋ፣ ብርድ ልብሷን ጠርዙን ከጠርዙ ገጥማ አጥፋ ትቀመጣለች። «ደረጃ ሥር ያለችው» ነበር የምንላት።

ጋሼ መቼም አይምሯትም። አሥር ቀን በተከታታይ ጠየቋት፤ አሥር ቀን ጆሮ ዳባ ልበስ አለቻቸው። በአሥራ አንደኛው ቀን መለሰች። ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስታጥፍ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ታመመች፤ ሥራው ቀረ። አከራይዋ የበሩን ቁልፍ ቀየረባት፤ ዕቃዋ ከነመታወቂያዋ እዚያው ቀረ። ጋሼ ይህን ሁሉ ጽፈው ሳይጨርሱ እሷ በተራዋ ጠየቀቻቸው።

«እርስዎስ ጋሼ? ልጆችዎ የት ናቸው? እናትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

የዚያን ዕለት ደብተራቸውን ሰብስበው ቤታቸው ገቡ። በማግሥቱ ግን ጎንበስ ብለው ሲመልሱላት ሰማኋቸው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ በተራ በተራ ነበር የሚጠያየቁት።

በዚህ መሃል ነዋሪው ተሰብስቦ ደረጃ ሥሩ በብረት ፍርግርግ እንዲዘጋ ወሰነ። ቃለ ጉባኤው «ለንጽሕና ሲባል» ይላል፤ ከሕንፃው ሁሉ ንጹሑ ቦታ እሱ ቢሆንም። ከጋሼ በቀር ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እኔም አውጥቻለሁ። በያጁ ቅዳሜ ይመጣል ተባለ።

ጋሼ በበኩላቸው የሴትዮዋን የድሮ አለቃ አድነው አግኝተው ነበር። ሆስፒታሉ ሊመልሳት ፈቀደ፤ ግን መታወቂያ አምጪ አላት። መታወቂያ የሚሰጠው ቢሮ የቤት ቁጥር አምጪ አላት። ቤት አከራይ ደግሞ ሥራ ካላየ አያከራይም። ጋሼን በጠያቂነት ስናማ ይህን ሁሉ ጠያቂ ረስተነው ኖሯል።

ሐሙስ ከሥራ እንደገባሁ በሬን አንኳኩ።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት መታወቂያህን ይዘህ ውረድ። ምስክር ያስፈልጋል።»

«ለምን እኔ ጋሼ?»

«ጋዜጣ ላይ ትጽፋለህ። እውነተኛ ትመስላለህ።»

በማግሥቱ ሦስታችንም የመታወቂያ ቢሮው መስኮት ፊት ቆምን። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ወጣት ቀና ሳትል «ዝምድና?» አለች። ጋሼ ዓይናቸውን በጨው አጥበው መለሱ።

«እህቴ ናት። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው።»

«የአባት ስም እኮ አይገናኝም።»

«የእናቴ ልጅ ናት። በአባት እንለያያለን።»

ልጅቷ አሁን ቀና አለች። ብዕሯን አስቀምጣ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። «እናትሽ ማን ይባላሉ?»

አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ ግን የጋሼን እናት ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠራች። የተወለዱበትን መንደር ጨመረች። ይባስ ብላ ማንም ሳይጠይቃት «ሲቆጡ አይጮኹም ነበር። ዝም ይሉ ነበር፤ የሚያስፈራው እሱ ነው» አለች። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷ ጻፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ? ከመቼ ጀምሮ ያውቋታል?»

እኔ «እርስዎ» ነኝ፣ ልብ በሉ። ሁለት ዓመት በየቀኑ በፊቷ ሳልፍ ያወቅኩት የብርድ ልብሷን ቀለም ብቻ ነው። ስሟን እንኳ ያነበብኩት እዚያው መስኮት ላይ፣ ቅጹ ተገልብጦ እያየሁት ነው።

«ከልጅነቴ ጀምሮ» አልኩ። «ያሳደገችኝ ማለት ይቻላል።»

እዚያ ቢሮ ውስጥ ከእኔ የባሰ ውሸታም አልነበረም። ያም ሆኖ ተፈረመ፤ ማኅተሙም ተመታ።

«ውሸትም ልክ አለው!» ብለው ጋሼ ውጭ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ደጋግመው አነበቡት። ፊታቸው ደስተኛ አልነበረም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቀድመውን ሄዱ።

እኔ ከእሷ ጋር ወደኋላ ቀረሁ። «እትዬ» አልኳት፤ እንደዚያ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው። «አሥር ቀን ዝም ብለው ቆይተው ለምን መለሱላቸው?»

«አንተ ደህና ሰው ነህ፣ ትሰጠኛለህ» አለችኝ። «ሰጥተህ ታልፋለህ። ሌላውም እንደዚያው። እሳቸው ነዝናዛ ናቸው፤ አታክተውኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን፣ ውስጤ አንድ ነገር ያለ መስሏቸው ነው የሚጠይቁኝ። ባዶ ሣጥን ማን ይከፍታል?»

አፈርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት በያጁ መጣ። ብረት ሲቆረጥ ድምፁ ቤታችን ድረስ ይሰማል። ስወርድ የጋሼ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። በጡረታ ዘመናቸው ያጠራቀሙት ደብተርና ፋይል ሁሉ ከጓዳ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ተቆልሏል። እትዬ ጓዳው ውስጥ ወለል ትወለውላለች። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው ከአንድ የሽቦ አልጋ ጋር ይታገላሉ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«መታወቂያዋ ላይ የዚህ ቤት ቁጥር ተጽፏል» አሉ እያለከለኩ። «እዚህ ትኖራለች ብዬ ፈርሜ ደረጃ ሥር ልተዋት? ሰነድ ቀልድ ነው እንዴ! የተጻፈው መሆን አለበት።»

ቤቱን የሚሰጡት ርኅራኄ አሸንፏቸው ሳይሆን መዝገብ እንዳይበላሽ ነበር፤ እሳቸውን ብትጠይቁ እንደዚያ ነው የሚሏችሁ። በዚያች ደቂቃ ምን ያህል እንደምወዳቸው አወቅኩ፤ ግን ሳላሾፍ ማለፍ አልሆነልኝም።

«እህቴ ያሏትስ ጋሼ? እሱን ውሸት በምን ያርሙታል?»

«አልዋሸሁም» አሉ። «ቀደም ብዬ ጻፍኩት እንጂ። በል አትገተር፤ በዚያ በኩል ያዝ!»

ያዝኩ። ገና ከመሬት ከፍ እንዳደረግነው እትዬ ከጓዳው ብቅ አለች። እጇ በሳሙና እንደራሰ ነው።

«ኧረ ወገብዎን! ወንድም ጋሼ፣ ይተዉት!»

ጋሼ ባሉበት ቆሙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አልጋውን ቀስ ብዬ ከእጃቸው ተቀበልኩና እየጎተትኩ ብቻዬን አስገባሁት።